ዕድሜ የሚለው መስመር ላይ

በሠላሳ ዓመቱ፣ ዕቁብ የወጣ ዕለት፣
ሙሉውን አውጥቶ ሰይቼንቶ ገዛበት፣
"እኩል ነን" ካለው ጋር፣ ከባልንጀራው ጋር፣
ከለገሃር ፒያሳ ሰው ሊጭን፣ ሊከብር።
ስድስት ወር ነዳና ሞተሩ ነከሰ፤
ባልንጀራው ጠፋ፣ ሽብሩ ተመለሰ
ወደ ሒሳብ ክፍሉ፣ ወደ ባቡር ጣቢያ፣
ወደ ቀይ እስክሪብቶው፣ ወደ መደመሪያ።

ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ማለት፣ ለሽብሩ፣
በፌስታል የታሰረ ደብተር ነው፤ በየወሩ
ትንሽ የሚጨመር፣ ምንም የማይወጣ፣
ካፖርት ሥር ያደረ፣ ለፀሐይ ያልወጣ።

እኔ ፖስታ ቤት ነበርኩ፣ ከቴምብር መስኮት ጀርባ፣
ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ሐዋላ ሳስገባ።
እሱ ሲጠነቀቅ እኔም ተጠነቀቅኩ፤
ልጅ አለ፣ ኪራይ አለ፤ "በኋላ" እያልኩ ጠበቅኩ።

ብሩ ግን አልጠበቀም።
ደብተሩ ላይ ቁጭ ብሎ ከኛ እኩል አረጀ፤
መጀመሪያ ፍሪጅ፣ ኋላ ጫማ ዋጀ፤
ዘንድሮ ለዘይት ስንልከው
ጉልበቱን ይዞ ነው የሚያዘግመው።

ባለፈው እሑድ ያፌት መጣ፣ ልጃችን፣ ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣
ከነወረቀቱ፦
"አባዬ፣ አክሲዮን ነው። ግማሹን ብቻ። ፈርም።"
ሽብሩ መነጽሩን ጠረገ። አላነበበም።
"አየህ፣" አለው፣ "አንተ ብትወድቅ ትነሣለህ፤
አቧራህን አራግፈህ ሌላ ትጀምራለህ።
እኔ ብወድቅ ግን ዳሌዬ ነው የሚሰበረው፤
በኔ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ፣ ማን ነው የሚጠግነው?"

ያፌትም ደፋር እንዳይመስላችሁ።
የራሱን ደመወዝ ፒያሳ ወርቅ ቤት ነው የሚያስረው፤
ድፍረቱ የሚነቃው የአባቱ ደብተር ላይ ነው።

እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ሰማሁ። አልተናገርኩም።
አንድ ነገር አለ፣ ለሁለቱም ያልነገርኳቸው፣ ገና አልነግራቸውም፦
ካቻምና ዕቁቤ ሲወጣ፣ በስልሳ ሦስት ዓመቴ፣
ብቻዬን ሄጄ ፈረምኩ፤ ተንቀጠቀጠ ጉልበቴ።
ከፍርሃት አይመስለኝም። ሥራ የተቀጠርኩ ቀን
እንደዚያ አድርጎኝ ነበር።

ቅጹ ላይ "ዕድሜ" የሚለው መስመር ላይ እጄ ትንሽ ቆየ።
ልጅቷ አየችኝ። "እማማ፣ ትርፉ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።"
"ልጄ፣" አልኳት፣ "ፍርሃቱም ዓመታት ፈጅቶብኛል።"

አተረፈ አልልም። አከሰረም አልልም።
ወረቀቱ የቀለበቴ ሳጥን ሥር ነው፤ ማታ ማታ አላየውም፤
እዚያ እንዳለ ግን አውቃለሁ።

ዛሬ ወለድ ሊያስጽፍ ባንክ ሄድን፣ ሁለታችን።
አንድ ሰዓት ወረፋ። ሦስት ጊዜ ቆጠረ ዜሮዎቹን።
"ደህና ነው፣" አለ፣ ደብተሩን ደረት ኪሱ ከቶ፣
ኪሱን በመርፌ ቁልፍ ይዞ፣ ሁለቴ ዳብሶ።

ከዚያ የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ላይ፣
መብራቱ ገና ቀይ፣ ሚኒባሱ ሲበር፣ ግራ ቀኙን ሳያይ
መሐል ገባ።
"ኧረ አንተ ሰው!" ብዬ እጅጌውን ጨበጥኩ።
"ምን ያስፈራሻል?" አለኝ፣
"አይተውናል እኮ። ይቆማሉ።"