ጠጠር ለቀማ

ሌሊት ከጣርማበር የወረደው ጉም
ደብረ ሲናን ይዟት ገና አልለቀቃትም።
ከዋሻው የወጣ የደሴ አውቶቡስ
መብራቱን አብርቶ ቁልቁል እስኪደርስ
እሷ ትቀድማለች።
ከጎሚስታ ቤቴ ፊት፣ ከዚያች ዝቅ ካለች በርጩማ፣
ሰፌዷን ታቅፋ፣ ማንንም ሳታማ፣
ጠጠር ትለቅማለች።

አንድ በአንድ።
ገብሱን ገፋ፣ አየት፣ ቆም፣ ደግሞ ነጠል፤
ዓይኗም ጣቷም ልቧም ሰፌዱ ላይ ቁጭ ሲል፣
እንኳን የኔን መዶሻ፣
መብረቁን አትሰማም ከሰማይ ቢነጠል።

እኔ እንዲያ አይደለሁም።
እጄ ጎማ ሲፈታ ልቤ ትናንት ይዞራል፣
የካደኝን ሰው ስም ደጋግሞ ይጠራል፤
በቆርቆሮው በሬ ላይ በጠመኔ ያሰፈርኩት
የዱቤ ዝርዝር አለ፣ ስንት ዘመን የቆጠርኩት።
እሷ በር የላትም፣ ስም የምትጽፍበት።

ዘርትሁን ነው ስሟ፤
ዘር ትሁን ተብላ፣ ዘር ያልወጣላት፣
መናኸሪያው ሁሉ «እማ» እያለ የሚጠራት።

ባለፈው ጥቅምት
አንዱ ጎረምሳ በመስኮት እጁን ሰዶ፣
የቆሎውን ፌስታል ከእጇ ላይ ወስዶ፣
ሳይከፍላት፣ አውቶቡሱ ነጉዶ፣
እኔ ሮጥኩ፣ ጮህኩ፣ ብረቴን ወረወርኩ፤
ጭሱን ዋጥኩ እንጂ ሌላስ ምን ጨበጥኩ?
እሷ ምን አለች?
«ልጅ አይደል? ሸዋ ሮቢት ሳይደርስ ይርበዋል፤
ሱፍ ሳልቀላቅል ሰጠሁት፣ ደረቁን እንዴት ይበላዋል?»
ያዘነችው በዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሽብሩ።
በታኅሣሥ ብርድ፣ አረቄ አሳብዶት፣
ጠረጴዛዋን በእርግጫ ገልብጦት፣
ቆሎዋን ከጭቃ ቀላቅሎት፤
ስድቡስ… ይቅር፣ እኔ አልደግመውም።
በሬ ላይ ግን ጻፍኩት፣ የራሴ ዕዳ ባይሆንም።

በየካቲት ታመመ።
አብረውት የጠጡት ደጁን አልረገጡ።
ጠዋት ቤቴን ስከፍት፣ አየኋት በጉሙ መሀል፣
የአጥሚት ጣሳ አቅፋ ስትወርድ ቁልቁል።
ማግስቱንም። ማግስቱንም።
ሁዳዴ ሲገባ ቅቤውን ተወች፤ መንገዱን አልተወችም።

አንድ ቀን አልቻልኩም፤ ቀርቤ ጠየቅኳት፦
«ይቅርታ ጠየቀሽ?»
ለቀመች።
«ይከፍልሻል?»
ለቀመች።
«ቢድንና ደግሞ ቢሰድብሽስ?» አልኳት።
አንዲት ጠጠር አነሣች፣ በመዳፏ መዘነች፣
«ቢድን ነው ያልከው? ይዳን እንጂ» አለች።

ያቺ ጠጠር የት እንደምትገባ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።
ጣሳ አለቻት ከበርጩማዋ ሥር፤
የማንንም ጥርስ ያልሰበረ ጠጠር
ሲሞላ ትነሣና፣ ከደጄ ካለው ጉድጓድ ትደፋለች፣
ክረምት ውሃ ከሚያቁረው፣ ጎማ ከሚበላው፤
ሳትናገር ተመልሳ ትቀመጣለች።
(እውነቱን ልናገር፦ ያ ጉድጓድ ነው ገበያ የሚያመጣልኝ፤
ሌሊት ተነሥቼ ልቆፍረው ያሰኘኝ ጊዜም ነበረኝ።
እኔ ጠጠር ሳይ የማስበው፣
በማን ግንባር እንደማሳርፈው።)

ሽብሩ ዳነ። ለፋሲካ ጠጣ። ደግሞ ተሳደበ፤
በእሷ በኩል ሲያልፍ ግን ጥግ ጥጉን ተሳበ።
እሷም «ብርድ ነው፣ ልበስ» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

እኔም መልአክ አልሆንኩም።
በሬ ላይ ያለውን ስም ሁሉ አልፋቅኩም፤
የሽብሩን ብቻ፣ በእጅጌዬ፣
ያውም ማንም እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ።

ዛሬ ማለዳ
የአንድ አይሱዙ ጎማ ስፈታ፣
ብሎኑን በጣቴ ያዝ አደረግሁት ለአንዳፍታ፦
ቀዝቃዛ። ጠርዙ የዛገ። ትንሽ ዘይት የነካው።
ሃያ ዓመት ብሎን ስፈታ፣ አንዱንም ይዤ አላውቀው።
ጉሙ ተገለጠ፤ ከታች ይፋት ታየ፣
ማሽላው፣ የወንዙ አሸዋ፣ አንድ ጭስ ከአንድ ጎጆ የተለየ፤
መቼ መጣ ይሄ ሁሉ?

«ቅመስ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል፤
እፍኝ ቆሎ፣ ገና ትኩስ።
እኔ ጥርሰ ስሱ፣
ፈራ ተባ እያልኩ ነከስኩ።

ጠጠር የለውም።