የገብስ ቆሎ ጥቅል

ከፖስታ ቤት በታች፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ያረጀ ማሽን፤
ጎንደር ትመጣለች መታወቂያ አውጥታ፣
ፊቷን በሁለት ብር ትሄዳለች አብዝታ።
ለውርስ የሚከራከር፣ ለሲም ካርድ የሚቸኩል፣
ለፓስፖርት፣ ለብድር፣ ለኮንዶሚኒየም ዕድል።

ማሽኔ ሲደክማት ወረቀት ትበላለች፣
ግማሽ ጉንጭ፣ ግማሽ ስም፣ ጥቁር ትተፋለች።
የተበላሸው ይከማቻል ከጠረጴዛዬ ሥር፤
ማቃጠል ነበረብኝ። ነበር።
ግን ወረቀት ተወዷል፤ ማንስ ያቃጥላል በሜዳ?
ስመኝ፣ ቆሎ ሻጯ፣ ትመጣለች ከላይ ወርዳ፤
አንዱን ክምር ባምስት ብር፣ አንዳንዴም በእፍኝ ሽምብራ፣
ታነሣልኛለች፣ እኔ ቤቴን ልጠርግ፣ እሷ ልትሠራ።
ፊደል አልቆጠረችም፤ ጽሕፈት ለሷ ጉንዳን ነው፤
ወፍራሙን ትመርጣለች፣ ጨው የማያሳልፈው።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ እንደኔ አልነበረችም፤
የክርስትና ስሜን ለአክስቴ እንኳ አልነገረችም።
"ስምህን ከናትህ ስም ጋር ያገኘ መተተኛ፣
በርህን ሳያንኳኳ ያደርግሃል በሽተኛ"
ትለኝ ነበር። እኔ፣ የተማርኩት፣ ሳቅሁባት።
ዛሬ ባንክ ስገባ፣ ፎርሙ "የእናት ስም" የሚል ባዶ መስመር አለበት።

ጥቅምት ነው፤ ማክሰኞ። ምሳ ሳልበላ ውዬ፣
ስመኝን ጠራኋት፣ "ያስር ብር ገብስ" ብዬ።
ቆርጥሜ፣ ቆርጥሜ፣ ቆሎው ሲያልቅ ከጥቅሉ፣
አንድ ዓይን አየኝ ከውስጥ፤ ቀጥሎም ፊቱ ሙሉ፦
ማለደ ስንሻው። የአዘዞው ሾፌር፣ ጡረተኛው።
የትውልድ ዘመን። ስልክ። ፊርማው እንደ ትል የተኛው።
የእናት ስም፦ ጠጅቱ።
ጨው ነበር ከግንባሩ፣ ገለባ ከአንገቱ።

ማለደን አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት እዚህ ቆሞ ነበር፣
አቤቱታውን ሊያስገለብጥ፤ ሦስት ቅጂ፣ በስድስት ብር።
አንድ ድምፅ ደውሎለት፣ በጨዋ አንደበት "አባቴ" እያለ፣
"ከባንክ ነው፤ ካርድዎ ሊዘጋ ነው፤ አይደንግጡ፣ እኔ አለሁ" አለ።
የትውልድ ዓመቱን ነገረው። የጠጅቱን ስም ጠራ።
"እናቴን የሚያውቅ ሰው፣ እንዴት ብዬ ልፍራ?"
ስልኩ ላይ የመጡትን ስድስት አኃዞች አንብቦ ሰጠ፤
መተማ ሲመላለስ የቋጠረው፣ ሻዩ ሳይበርድ ቀለጠ።
ባንክ ቤት "የሚስጥር ቁጥር በስልክ አንጠይቅም" አሉት፤
ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻውን አስጮኹት።
እኔም "አይ ጊዜ! አይ ሌባ!" ብዬ ከንፈር መጠጥኩለት፣
ስድስቱን ብር ግን ቆጥሬ ተቀበልኩት።

ሌባው ቆሎ ይወድ እንደሆን፣ ከየት እንዳገኘው፣ አላውቅም።
ምናልባት ከኔ አይደለም። ይህ "ምናልባት" ግን እኔን በነጻ አይለቅም።
የነገሥታቱ ግቢ አሥራ ሁለት በር ነበረው፤
ለያንዳንዱ በረኛ፣ "ማነህ?" ብሎ የሚጠይቀው።
የማለደ በር አንድ ነው፦ ስሙ ብቻ፤
እሱም ቆሎ ተጠቅልሎበት ዞረ እስከ ቀሃ ዳርቻ።

ያን ዕለት ቅርጫቷን ከነቆሎው ገዛሁት፣
ጥቅሉን አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ላይ ፈታሁት።
ዘጠኝ ሰው። ተማሪ፣ ነርስ፣ መነኩሴ፣ አንድ ሙሽራ፤
ጨው የነካው ስማቸው፣ ተጣጥፎ በተራ።
አሥረኛው ጠቁሮ ወጥቷል፤ ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው፤
አምና ለቁጠባ ማኅበር ያስገለበጡት ነው።
ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ "ስመኝ ታከለ። የእናት ስም፦ አበዙ።"
ጣቶቿ ከባዶው ቅርጫት ላይ ደነዘዙ።
ወደ ደጁ አንድ እርምጃ ሸሸች፤ ማተቧን ጨብጣ፣
ድምጿ እንደ ክር ቀጥኖ ካንገቷ በጭንቅ ሲወጣ፦

"የናቴን ስም" አለችኝ፣
"ማን ነገረህ?"