ፍሬን ሳያይ

ሱሉልታ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በግራ፣
አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ ከብሎኬት ማምረቻው አጥር ጋራ።
ኩምሳ እጁን በናፍጣ ታጥቦ በቡትቶ እያበሰ፣
ያባቴን ሴሊካ ሁለት ጊዜ ዞራትና ተነፈሰ።
«ሞተሩን ነው አይደል?» አለኝ። «ትንሽ ብንነካካት
ጫንጮ ለመድረስ አንድ ዘፈን ነው የሚበቃት።»
«ሞተሩ ይቆየን» አልኩት። «የፊት ፍሬን ነው የመጣሁበት።»
ሳቀ። ለመሮጥ እንጂ ለመቆም የሚከፍል አልመጣም በዚህ ቤት።

አባቴ የገዛት እኔ ሳልወለድ ነው፤
ያኔ ቀይ ነበረች፤ ዛሬ ጣሪያዋ ሮዝ ነው፣ ፀሐይ የላሰው።
ደመወዙ በቫልቭ፣ በጭስ ማውጫ፣ በጩኸት አለቀ፤
የፊት ዲስኳ ግን አስታዋሽ አጥቶ እንደ ምላጭ ረቀቀ።
«ፍሬን የሚረግጥ መንገዱን ያላመነ ነው» ይላል።
(እናቴ በእንጦጦ ቁልቁለት የደገመችው ዳዊት ይበልጣል
በቤተ ክርስቲያን ከደገመችው።)

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ወደ አዲሱ ገበያ ስንወርድ
ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። ነጂዋ እኔ ነበርኩ።
ምንም አልሆንንም። አንድ የአሸዋ ክምር ተቀበለን።
አባቴ ከዚያ ወዲህ የድሮውን ቀልድ ትቶ አዲስ ያዘ፦
«ልጅ ወለድኩ፣ ቤት ሠራሁ፤ ፍሬን ሳላይ ግን መሞቴ ነው።»
አርባ ሊሞላኝ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ሁለቱንም ሰማሁት።
ሰሙን ይዤ ኩምሳ ጋ ሄድኩ፤
ወርቁን ባለበት ተውኩት።

ሶማሌ ተራ ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ።
ከተገለበጠ ሃይሉክስ የወጣ ካሊፐር፣ አራት ፒስተን፤
ሻጩ እንደ አራስ ልጅ በጋዜጣ ጠቅልሎ አሳቀፈኝ።
ዲስኩ አዲስ፣ ወፍራም፣ መሀሉ እንደ ሰፈፍ ቀዳዳ ቀዳዳ።
ጉዲና ክሪኩን አስገባ፣ ዳዶዎቹ ጮኹ፣
የአርባ ዓመት ዝገት እንደ በርበሬ ዘነበ።
ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ቸርኬው አልገባም አለ፤
አሥራ ሦስት ነው፣ ጠባብ፤ ወፍራም እንግዳ የት ያሳድረዋል?
ኩምሳ ብረቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «በግራይንደር ልላጨው?»
«አይላጭም። ቸርኬው ይቀየር።»
ሌላ ሳምንት። ሌላ ቸርኬ፣ አሥራ አምስት፣ ከለገጣፎ።
ዋጋውን አልጽፍም፤ እናቴ ልታነበው ትችላለች።

ማታ፣ በስልክ መብራት፣ አየሩን ማስተንፈስ።
እኔ ፔዳሉ ላይ፣ ኩምሳ ከጎማው ሥር፦
«ርገጪ... ያዢ... ልቀቂ።
ርገጪ... ያዢ... ጎበዝ፣ ልቀቂ።»
ድምፁ የአዋላጅ ነበር።
በቀጭኗ ቱቦ አረፋው መጣ፣ ሳሳ፣ ጥርት ያለ ዘይት ብቻ ቀረ፤
ፔዳሉም እግሬ ሥር እንደ ሰው ቃል ጠነከረ።

እሑድ ማለዳ አባቴን ጎኔ አስቀመጥኩት።
አዲስ ሸራ መላመድ አለበት ብሎኛል ኩምሳ፦
ከስልሳ ወደ ሃያ፣ አሥር ጊዜ፣ ሳታቆሚ።
የሚቃጠል ነገር ሸተተ። አባቴ መስኮቱን ከፈተ፣ ምንም አላለም።
በአሥራ አንደኛው ከጉሙ ውስጥ ሯጮች ወጡ፤
አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ በአንድ ትንፋሽ መንገዱን አቋረጡ።
ረገጥኩ።
መኪናዋ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች፣ ልክ እንደሚሰግድ፣
ግራ ሳትል ቀኝ ሳትል ቆመች፣ ቀጥ ብላ፣ መሀል መንገድ።
የመጨረሻዋ ሯጭ ኮፋኖውን በመዳፏ ነካ አድርጋ አለፈች።

ዞር ስል የአባቴ ቀኝ እግር ተወጥሮ ደርቋል፤
ፔዳል በሌለበት ወለል ምንጣፉን ሊበሳ ደርሷል።
«መንገዱን አላመንከውም?» አልኩት።
እግሩን ቀስ ብሎ አነሳ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣
ለአንድ መነጽር ከሚያስፈልገው በላይ ጠረገ።
«ፍሬን አየሁ» አለ።

የቱን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።
ማርሽ አስገባሁ። ከፊት ጎማው ስስ ጭስ ይወጣል፤
የተለመደ ነው፣ ኩምሳ ነግሮኛል፣ ያልፋል።