ስድስት ቁጥር

ማክሰኞ ረፋድ ነው። ስዋንሲ ይዘንባል።
ጌቲን ጃንጥላውን አራግፎ ከሱቁ ይገባል፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ምልክት ሰጥቶ ባቡር ያሳለፈ፣
አንድም ቀን ደቂቃ ያላዛነፈ፣
ዛሬ ዳቦ መጥበሻ ፊት ቆሞ ልቡ የሰነፈ።

መደርደሪያው ሙሉ፦ ባለ ሁለት አፍ፣ ባለ አራት፣
ክሬም ቀለም፣ ሰማያዊ፣ ፊት የሚያሳይ ብረት፤
አንዱ በስልክ የሚታዘዝ፣ አንዱ መስኮት ያለው፣
ዳቦው ሲቀላ እንዲታይ፤ ዋጋው ግን ጉድ ነው።

ኦሻን፣ አዲሱ ሻጭ፣ «እስከ ሰባት ይሄዳል፤
አብዛኛው ደንበኛ ግን ሦስትን ይወዳል።»
«ሦስት ምንድነው?» አለ ጌቲን፤ «ደቂቃ ነው? ወይስ ቀለም?»
ልጁ አፉን ከፈተ። ዘጋው። መልስ የለም።

«ይልቅ ድምፁን አሰማኝ።» «የምኑን?» «የመዝለሉን።
ተጫነውና ልቀቀው። አፍንጫዬ ትቷል አመሉን፤
ካምናው ትኩሳት ወዲህ ሽታ የሚባል አላውቅም፤
ቢያር፣ ቢከስል፣ ጢሱ እስኪያስለኝ አልነቃም።
ድሮ ኔሪስ ነበረች፣ ከደረጃው ‹ጌቲን፣ አረረ!› የምትል፤
አሁን ዕቃው ይጩህ፤ እንደሷ ባይሆንም፣ ጮክ ይበል።»

ከዚያ ጀመሩት፤ ባዶውን፣ ያለ ዳቦ፣
ልጁ ሲጫን፣ ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን አቅርቦ።
ክሬሙ እንደ ቃጭል ቀጨለ፤ «ይሄስ ያስተኛል» አለ፤
ባለ መስኮቱ አቃሰተ፤ ባለ ስልኩ እንደ ዲዳ ዋለ።
ሰልፍ ቆመ ከኋላቸው። አንዲት ነፍሰ ጡር፣ «ያኛውስ?» አለች፣
በጣቷ ወደ ጥግ፣ ወደ ታች እያሳየች፦
ካርቶኑ የጠፋ፣ ጎኑ የተጫረ፣
ዋጋው ሁለቴ የተሰረዘ፣ ለማሳያ የኖረ።
ኦሻን ተጫነው፣ ለቀቀው፦
                                        ቷ!
አንድ ሕፃን ደነገጠ። ጌቲን ዓይኑን ገለጠና
«ይሄን ጠቅልልልኝ» አለ፤ ቆይቶም፣ «አንዴ እንደገና።»

ሲነጋ ሰካው። ሦስት ነው የሚወደው፣ ወርቅማ፣ ለስላሳ፤
ጣቱ ግን ስድስት ላይ አረፈ፣ ምክንያት ሳያነሳ።
ስድስት የኔሪስ ነበር። አሳርራ፣ ከዚያ በቢላዋ
ጥቁሩን ፍቃ ፍቃ ማራገፍ ነበር ደስታዋ
(የሱ ሲያር የምትጮኸው፣ የራሷን የምታሳርረዋ)።
ስንቴ አልጋው ውስጥ ሆኖ ያን ፍቅፍቅታ ሰምቶ
«ጣይው፣ ሌላ ጥበሽ» ብሏል፣ በእንቅልፍ ልብ ተቆጥቶ።

ቷ!
ጢሱ ጣሪያ ነካ። ሳይቸኩል ተነስቶ ወደ ማጠቢያው መጣ፣
ቢላዋውን ያዘ።
ፍቅ። ፍቅ። ፍቅ።
ከፎቅ፣ ከመኝታ ቤት፣ ማንም አልተቆጣ።