ሰይል

ቶዮታዋን ተውናት ሸለቆው ደጃፍ ላይ፣
እስከ ሆዷ ሰጥማ ሞተሯ ሲሰቃይ።
ስዌሊም ወረደ፣ ኮፈኗን ዳበሳት፣
እንደ ደከመች ግመል፣ «አሁን እረፊ» አላት።
ጀሪካን አሸክሞኝ ወደ ፊት አለፈ፤
ከጎማ የተሠራው ነጠላ ጫማው
መኪና ያለፈ አስመስሎ ጻፈ።

«ዋዲ» ይላል እሱ፣ ጣቱን ወደ ፊት ልኮ፤
እኔ የምሰማው ግን «ወዲያ» ነበር እኮ።
ወዲያ፣ ከቀዩ ገደል፣
ወዲያ፣ ጥላው ከሚያልቅበት።
ከወዲያው ማዶም ሌላ ወዲያ አለ፤
ስንደርስበት ግን፣ ያ ወዲያ የተባለ
ወዲህ ሆኖ ይጠብቀናል፣
ያው ድንጋይ፣ ያው ዝንብ፣ ያው ነጭ አሸዋ።

«ስንት ይቀረናል?» ስለው፣ «ሁለት ሲጋራ» አለኝ፤
አንዱን ለኮሰና ሌላውን አሳየኝ።
ሁለቱም አለቁ።
በሦስተኛው ጭስ ውስጥ ገና እንሄዳለን።

እሱ መሬት ያነባል።
«ይቺ ቀበሮ ናት፣ ሌሊት የዞረችው።
ይቺ ያረገዘች ግመል፣ ተጠንቅቃ የረገጠችው።
ይሄ ዑቀይል ነው፣ የወንድሜ ልጅ፣ ተናዶ ነው የሄደ፤
ተረከዙን እየው፣ አሸዋውን ናደ።»
እኔ የማየው ጉድጓድ ብቻ።

ግን አለቱ ላይ፣ ከጥላው ወገን፣ የተጫረ አገኘሁ፤
ዋልያ የሚመስል ፍየል፣ ቀስት የያዘ ሰው፣
ከሥራቸውም ምልክት፣ በሰልፍ የቆመ።
ከመሃላቸው አንዷን በጣቴ ተከተልኳት፤
ለ ናት! የእኛዋ ለ፣ ሁለት እግሯን ከፍታ፣
ከሀ ጋር ተጣልታ፣ ከገበታው ወጥታ
እዚህ ድረስ መጥታ
ዓረብ አገር ድንጋይ ላይ ብቻዋን የቆመች።
ስዌሊም ሳቀብኝ። «ፊደል? ፊደል አይደለም፤
የግመል መተኮሻ ነው፣ የጥንት ጎረቤቶች።
እንዲህ ያለባቸው አያቴ ሦስት ሰርቋል፤ የመለሰው የለም።»

ስልኬን አወጣሁና ፎቶ ላነሳ ስል
ክንዴን ያዘኝ፣ ወደ ላይ ጠቆመ።
«ሰይል» አለ። «ሰይል።»
ስዕል መሰለኝ።
አዎ ስዕል፣ አልኩት፣ በስብርባሪ ዓረብኛዬ፤
ሌላ ፍየል ፍለጋ ገደሉን ወጣ ዓይኔ።
ስዕል የለም።
ከራሳችን በላይ፣ ሁለት ሰው ቁመት ላይ፣
ከአለቱ ስንጥቅ የበቀለች ግራር፣
ግራሯ ላይ ደግሞ
ሰማያዊ ጀሪካን፣ ክዳኑ የጠፋ፣
ልክ እኔ የያዝኩትን የመሰለ፣ አፉን እንደ ከፈተ።
ማን እዚያ ሰቀለው? ልል ነበር።

ቃሉ ያኔ ገባኝ።
ጎርፍ ነው።
ሌላ ሰው ሰማይ ላይ ዘንቦ፣
እዚህ ኮከብ እየታየ
በሌሊት የሚደርስ ውሃ፣ ድንጋይ እያንከባለለ።

«ወድሐ ትባል ነበር» አለ፣
አራተኛውን ሲጋራ በጣቱ ይዞ ሳይለኩስ፤
«እህቴ ናት። የወረዱ ፍየሎች ልትመልስ።
የከተማ ሰው በረሃ በጥም ይገድላል ይላል፤
እኛን ግን የገደለን ውሃ ይበዛል።»
«ለምን አታወርደውም?» አልኩት፣ ዓይኔ ጀሪካኑ ላይ።
«ቁመቱን ይናገራል» አለ።
ክብሪቱን ጫረ።

ያን ሌሊት ለስላሳው አሸዋ ላይ አልተኛንም።
ታች ተነጥፎ ይታየኛል፣
እንደ እንግዳ አልጋ ንጹሕ፣ ነጭ፣ ማንም ያልነካው።
እኛ ከላይ፣ ከቋጥኙ ትከሻ፣ ጎን በሚወጋ ጠጠር ላይ።
ስዌሊም ወዲያው አንኮራፋ።
እኔ ጆሮዬን ከፍቼ፣ ከአድማሱ ባሻገር
ስለማላውቀው ደመና ሳስብ፣
ነፋስ በተነፈሰ ቁጥር ብድግ ስል፣
ጀሪካኑን ስነካው፣ ግማሽ ነው፣ መልሼ ስነካው፤
እንዲህ ነጋ።

ማለዳ ስንወርድ ቀድሜው ነበርሁ።
ከኋላዬ ቆመ፣
አሸዋውን አየ፣ እኔን አላየኝም፤
«ይሄ ሰው» አለ ለራሱ፣ «ሌሊቱን አልተኛም።»