ሙሄ አደም ሲጠራ

ጳጉሜን፣ ሐርቡ ቀበሌ፣ ከሰልፉ ወገብ ላይ
ቆሜያለሁ ከጠዋት፣ አናቴ ላይ ፀሐይ።
እማ ከጎኔ ናት፣ ምስክር ልትሆነኝ፤
ሰው መሆኔን መንግሥት በካርድ ነው የሚያምነኝ።

«መቼ ተወለደ?» ጸሐፊው ጠየቀ፣
አልጽፍ ያለ ብዕሩን በእጁ እያሞቀ።
እማ ሻሿን ፈታች፣ መልሳ አሰረችው፤
ከማሽላው መሀል ቀኔን ፈለገችው፦

«ማሽላው እሸት ሆኖ ግሪሳ የመጣ ለት፤
አባቱ ከማማው ወንጭፉን የጣለ ለት፤
ቦርከና ሞልቶ የአህመዴን በሬ
ወስዶት፣ ወንዱ ሁሉ ሲጠራ በቅሬ፣
ብቻዬን ነበርኩኝ። ብርቄ ናት የደረሰች፤
በማርያም ስም ገብታ በአላህ ስም ጨረሰች።»

«እናቴ፣ ፎርሙ ላይ ለጎርፍ ቦታ የለው፤
ለወፍም የለውም። ቁጥር ነው የሚለው።»
«ቁጥሩን የሚያውቀው አባቱ ነው» አለችው፤
«እሱም…» ብላ ጀምራ፣ ቀሪውን ዋጠችው።

ጸሐፊው ዝም አለ። ብዕሩ ሞቀለት፤
መስከረም አንድ ብሎ ፎርሙን ሞላለት።

ዘወር ብዬ አየሁ፣ የሰልፉን ጭራ፦
ከድር፣ መስከረም አንድ።
ጦይባ፣ መስከረም አንድ።
የባለወፍጮው ልጅ አስናቀም፣ መስከረም አንድ።
ያን ሁሉ እናት፣ በአንድ ሌሊት፣
ምጥ ይዟት ድንገት፣
አዋላጅ እንዴት በቃ?
ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

በእንቁጣጣሽ ማታ፣ ሀያት፣ የአጎቴ ልጅ፣
ከኮምቦልቻ ደውላ፣
«አሥራ ስምንት ገባህ! ሻማው የታል?» ብላ
ሳቀችብኝ።
የእሷን አይቻለሁ፦ ፊኛ፣ ክሬም፣ ጭብጨባ፤
እፍ ስትል ፀጉሯ ሻማው ውስጥ ሊገባ።
እኔ እፍ የምለው የቱን ነው? ቀኑን የተዋስኩት፣
ከሰልፉ ሁሉ ጋር ነው ቆርሼ የወሰድኩት።

የጥቅምት ሌሊት ነው። ጡሩምባ ተነፋ።
«ብርቄ ዓለሙ አረፈች! ቅሬ ውጡ!
ዶማ ያለው ዶማ! አካፋ ያለው አካፋ!»

እማ መጀመሪያ አላለቀሰችም። ተነሳች፤
ከጓዳው ጥግ፣ ከእንጨቱ ኋላ፣
የአባቴን ዶማ አነሳች።
ዛቢያውን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ
ሰጠችኝ። ምንም አላለችም። ገና አልነጋ።

የቅሬው ዳኛ ደምሌ፣ መነጽሩ በክር ታስሮ፣
ስም ይጠራል በባትሪ፣ ከገጹ አናት ጀምሮ።
የቀረ ሃምሳ ብር ይቀጣል፤ ሐዘን ዝምድና አያውቅም።
«አህመዴ እብሬ!»
          «አለሁ።»
«ካሳዬ ወልዴ!»
          «አለሁ።»
«ሙሄ አደም!»

ደምሌ ራሱ ደነገጠ። ስሙን አልሰረዘውም ነበር፤
እጁ አልታዘዘውም፣ ከመዝገቡ ሊሽር።
ሰው ሁሉ መሬት አየ።
አንዱ ሳለ፣ ሳይስለው።

«አለሁ» አልኩ።

ድምፄ የአባቴ መሰለኝ፣ ወይ የጉንፋን፤ አላውቅም።
ደምሌ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አልጠየቀም፤
ስንት ዓመቴ እንደሆነ፣ መታወቂያ እንዳለኝ።
ከስሙ ጎን ነጥብ አኖረ።
«አንተ በራስጌው በኩል» አለኝ።

መሬቱ ጭንጫ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ።
አህመዴ ድንጋይ ያወጣል፣ ጉልበቱን በሻሽ አስሮ።
«አትነቀው» ይለኛል ካሳዬ፣ «ዶማ ይያዛል እንጂ አይታነቅም።»
ወደዚህ ዓለም የተቀበለችኝን ሴት
እኔ ልሸኛት ነው፣ ብዬ አሰብኩ አንዴ፤
ግን ድንጋይ ነበረ፣ ሥራ ነበረ፤ ማሰቡን ተውኩት።

ረፋድ ላይ ስመለስ፣ እማ ውሃ ስታፈስልኝ
እጄን ገልብጣ አየች፦
ሦስት ቦታ ላይ ውሃ ቋጥሯል፣ አንዱ ፈንድቷል።

«ያ ሰውዬ፣ መስከረም ስንት ነበር ያለው?»
«አንድ።»
«ይሁን» አለች፤
መዳፌን ግን አልለቀቀችም።
ከዚያ ተቀመጠች፣
ለብርቄ አለቀሰች።