ስድስተኛዋ

ስሙ ታና ነው፤ ግን ሐይቅ እንዳይመስላችሁ፤
ወንዝ ነው፣ በሰሜን ጫፍ፣ ብትሄዱ ብታዩ፤
ብርዱ ሲጠነክር ወንዝነቱም የለም፣
መንገድ ነው፣ ነጭ መንገድ፣ ዳር ድንበር አያውቅም።

ከዳሩ አንድ ጋራዥ፣ ከጣውላ የቆመ፣
በሩ ከውርጭ ጋራ ተጣብቆ የከረመ።
ሪስተን ከሞርሳው ፊት፣ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ፣
ከፍሪሲዮኑ ጋር ሦስት ቀን ተናንቃ።

መመሪያው ደብተር ላይ ነገሩ ቀላል ነበር፦
“ማገቻዎቹን አውጣ፤ ሮለሮቹን ቀይር።”
በቃ።
የጻፈው ሰውዬ
ሞቃት ቢሮ ነበር።

ሦስት ሮለር፣ ሦስት ዘንግ፣ በየጫፉ አንዲት
ከጥፍር የምታንስ የብረት ቀለበት።
ሮለሮቹ አልቀዋል፤ ጎናቸው ተበልቶ
ክብ የነበረው ነገር ጠፍጣፋ አውጥቶ፤
ለዚህ ነው ሞተሩ ሲነሳ የሚናጠው፣
ገመድ እንዳልለመደ አጋዘን የሚያደርገው።

አምስቱ ወጥተዋል፦
አንዷ በፒንሳ፣ አንዷ በቆልማማ መርፌ፣
ሁለቱ በዘይትና በረጅም እረፍት፤
አምስተኛዋ በስድብ። ሪስተን ብቻዋን ስትሆን
በሳሚ ቋንቋ የማትለው የለም፣ እግዜር ይይላት።
ሁሉንም የላስቲክ ከረጢት አልብሳ ነቀለች፤
ትንሽ ብረት ስትለቀቅ ወፍ ናት፤ ትበራለች።

ስድስተኛዋ ግን።

የካቻቢቴው ጫፍ እዚያው ተሰብሮ ቀረ፤
ፒንሳው ሁለቴ ሸሸ፣ አውራ ጣቷ ጠቆረ።
“ዘይት አጠጣኋት፣ አልሰከረችም” አለች፤
“መዶሻ አሳየኋት፣ አልደነገጠችም” አለች።

ኤልሌ ከደጅ መጣች፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣
አመዳይ ለብሶ ቅንድቧ፣ በረዶ ሞልቶ ቦቷ፤
“ሳምሞል ይጠይቃል፤ መንጋው ነገ ይሻገራል፤
ያንቺ ሞተር ካልደረሰ የፔካን ይዋሳል።”
“የፔካን?” አለች ሪስተን። ሌላ አልጨመረች፤
የጋዝ ችቦዋን ከመደርደሪያ አወረደች።

ሰማያዊ ምላስ። ብረቱን ላሰው፣ ላሰው፤
ጥቂት ቆይቶ አንድ ሽታ አፍንጫዋን ነካው፤
የዘይት አይደለም፣ የጎማም አይደለም፤
ታውቀዋለች፤ ግን ከየት እንደሆነ አልመጣላትም።

ነበልባሉን አጠፋች።
ጎንበስ ብላ አሸተተች።
“ሙጫ ነው” አለች። “ሙጫ!
ማን ነው ማገቻ ላይ ሙጫ የሚያፈስ፣ ማን ነው?”
ኤልሌ ቦቷን አየች። ሁለቱም ያውቁታል ማን እንደሆነ ሰውየው።

ኦቭላ ነው። ከሁለት በረዶ በፊት፣ በሚያዝያ መባቻ፣
ሱቁ ሩቅ ሆኖበት ለአንዲት ማገቻ ብቻ፣
አሮጌዋን መልሶ (አንዴ ከወጣች አትመለስም፤
ይህን የማያውቅ ሰው በዚያ ወንዝ ዳር የለም)
ጠብታ ሙጫ ጨምሮ፣ ገልብጦ ሰክቷት፣
“አዲስ ነው” ብሎ ነበር እራት ላይ የነገራት።

በዚያች ጠብታ ላይ ነው መንጋ ሲነዳ የኖረው፣
በስስ በረዶ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ሰው በሌለው።
ልቡ ነው የከዳው፤ ማገቻዋ አልከዳችም፤
በእንቅልፉ ነው የሄደ፤ ሞተር ላይ አልነበረም።

ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ ሣቅ ቀደማት።
ከሣቁ ኋላ የመጣውን
ኤልሌ አይታለች፤ እሷን ጠይቋት።

ከዚያ መርፌውን ገፋች፤ ከረጢቱን ረሳች።
ቲን!
ስድስተኛዋ ወጣች፤
ምድጃውን ነካች፣ ጣሪያውን ነካካች፣
ኤልሌ ባልዘጋችው በር በረዶው ውስጥ ገባች።

ልጅቷ ማግኔት ይዛ በጉልበቷ ልትድህ፦
“ተዪያት። በረዶው ሲቀልጥ ትገኝ ይሆናል፤
ባትገኝም አዲስ አለ። እጅሽ ይበርድሻል።”

አዲሶቹ ስድስት፣ ከትንሽ ወረቀት ውስጥ፣
ቀጭ፣ ቀጭ እያሉ ገቡ፣ አንዳቸውም ሳይናወጥ።
ሙጫ የለም። ደግማ ፈተሸች፤ የለም።

ማታ ወንዙ ላይ፣ ሞተሩ ሳይናጥ ሲነሳ፣
ሳምሞል ጠየቃት፣ ከጢሙ በረዶ እያነሳ፦
“ሦስት ቀን ሙሉ፣ ምን ነበር የያዘሽ?”

ሪስተን ጣቶቿን አሸተተች።
“ኦቭላ” አለች፣ “አዲስ ነው ብሎኝ።”
ነዳጅ ሰጥታ አለፈችው።